194,313 ዕለታት፤ ስለ ዐቢይ ቀመር ቍጥርና ስለ ባሕርዩ



ቍጥርን ሁለት ዐይነት ሰዎች ይበድሉታል። አንደኛው የሚንቀው ሰው ነው፤ እርሱም ሒሳብ የነጋዴ ሥራ እንጂ የመንፈሳዊ ሰው ሥራ አይደለም ብሎ ያስባል። ሁለተኛው የሚያመልከው ሰው ነው፤ ይህም እግዚአብሔር ያልገለጠውን ምሥጢር በቍጥር ውስጥ ያገኘ መስሎት የዓለምን ፍጻሜ በጣቱ ሲቈጥር ይገኛል። ቀደምት ሊቃውንት ግን በሁለቱ መካከል ባለው ቀጥተኛ መንገድ ሄዱ፤ ቍጥርን ሳይንቁም ሳያመልኩም ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አሰማሩት።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ በዘመን መለወጫ ዋዜማ የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ የማታው ጉባኤ ተፈጽሞ ሕዝቡ ወደ ጎፋ፣ ወደ መካኒሳ፣ ወደ ለቡና ወደ ሃና ማርያም ሲበተን፣ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማር አንድ ወጣት ቀርቦ እጅ ነሣና «አባታችን፣ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ይህ ስልክ በቅጽበት ያወጣልኛል። ነገር ግን 532 ዓመት ሲፈጸም ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል የሚባለው ስለ ምንድን ነው? 500 ወይም 1,000 ያልሆነውስ ለምንድን ነው? ደግሞም አንድ ሰው ወደ ቤታችን መጥቶ፣ ስምንተኛው ሺህ ገብቷልና ይህ ቀመር ሲሞላ ዓለም ያልፋል ብሎ ስለ ነገራት እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች» አለኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የአእምሮ ጥያቄ ነው፤ የኋለኛው የልብ ጭንቀት ነው። ይሁን እንጂ የፊተኛውን በሚገባ ያልመለሰ ሰው የኋለኛውን ሊመልስ አይችልም፤ ፍርሃቱ የተነሣው ቍጥሩን ካለማወቅ ነውና። ስለዚህ ዐቢይ ቀመርን በዓመት ብቻ ሳይሆን በዕለት ቈጥረን፣ የሚገኘውን አንድ ትልቅ ቍጥር፣ ይኸውም 194,313ን፣ ከምን እንደ ተገኘ፣ ባሕርዩም ምን እንደ ሆነ በቅደም ተከተል እንመርምር።

፩. ቍጥሩ ከምን እንደ ተገኘ

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ሰባት ዐውዶች እንዳሉ የታወቀ ነው። እነርሱም ዐውደ ዕለት፣ ዐውደ ወርኅ፣ ዐውደ ዓመት፣ በ19 ዓመት የሚፈጸመው ዐውደ አበቅቴ፣ በ28 ዓመት የሚፈጸመው ዐውደ ፀሐይ፣ በ76 ዓመት የሚፈጸመው ዐውደ ማኅተም፣ በ532 ዓመት የሚፈጸመው ዐውደ ዐቢይ ቀመር ናቸው። 19 ዓመቱ ንዑስ ቀመር፣ 76 ዓመቱም ማዕከላዊ ቀመር ይባላል።

አንድ ዓመት 365 ዕለት ከሩብ ተብሎ ይቈጠራል። ሩቡ በየዓመቱ እየተጠራቀመ በአራተኛው አንዲት ሙሉ ዕለት ይሆናል፤ ይህችም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ የምትጨመረው ስድስተኛዋ የጳጕሜን ዕለት ናት። እንግዲህ 532 ዓመትን በ365 ብናበዛ 194,180 ዕለት ይሆናል። 532ን ለ4 ብናካፍል 133 ይደርሳል፤ በዐቢዩ ቀመር ውስጥ ጳጕሜን 133 ጊዜ ስድስት ትሆናለች ማለት ነው። ሁለቱን ብንደምር 194,313 ዕለት እናገኛለን። በግእዝ አኃዝ ሲጻፍ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ይሆናል። ይህንኑ ቍጥር መልሰን ለ365 ብናካፍለው 532 ደርሶ 133 ይተርፋል፤ ድርሻው ዓመታቱን፣ ትርፉም የተጨመሩትን ዕለታት ይነግረናል።

፪. ስለ ምን 532 ሆነ?

ሦስት መነኮሳት ውኃ ለመቅዳት ወደ አንድ ምንጭ ይወርዳሉ እንበል። አንደኛው በየ4 ቀኑ፣ ሁለተኛው በየ7 ቀኑ፣ ሦስተኛው በየ19 ቀኑ ይወርዳል። ዛሬ ሦስቱም በምንጩ ዳር ቢገናኙ፣ ዳግመኛ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገናኙት መቼ ነው? የፊተኛውና ሁለተኛው በ28ኛው ቀን ይገናኛሉ፤ የፊተኛውና ሦስተኛው በ76ኛው ቀን ይገናኛሉ፤ ሦስቱ በአንድነት የሚገናኙት ግን በ532ኛው ቀን ነው እንጂ ከዚያ አስቀድሞ አይደለም። 4 በ7 ሲባዛ 28፣ 28 በ19 ሲባዛ 532 ነውና።

ሁልጊዜ ማባዛት ብቻ ይበቃል ማለት ግን አይደለም። አንዱ በየ4 ቀኑ፣ ሌላው በየ6 ቀኑ ቢወርድ የሚገናኙት በ24ኛው ሳይሆን በ12ኛው ቀን ነው፤ 4ና 6 ሁለቱም ለ2 ስለሚካፈሉ መንገዳቸው ያጥራል። 4፣ 7ና 19 ግን ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው መንገዳቸው የሚያጥርበት ምክንያት የለም። እንግዲህ የወጣቱ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ 532 በሰው ፈቃድ የተመረጠ ቍጥር አይደለም፤ አራቱ ወንጌላውያን፣ ሰባቱ ዕለታትና የጨረቃ 19 ዓመት በአንድነት ሊገናኙበት የሚችሉት ትንሹ ቍጥር ነው። 500 ለ7ም ለ19ም ሳይተርፍ አይካፈልም፤ 1,000ም እንዲሁ ነው።

የጨረቃ ዐውድ 19 የሆነበትን ምክንያት ደግሞ እንይ። የጨረቃ ዓመት 354 ዕለት ነውና ከ365ቱ 11 ይጐድላል፤ ይህም የአበቅቴ ሥር ነው። 11 በ19 ሲባዛ 209 ይሆናል፤ ይህም ስድስት ባለ 30ና አንድ ባለ 29 የጨረቃ ወራት ነው። በ19 ዓመት ውስጥ 12 ጊዜ 19፣ ይኸውም 228 የጨረቃ ወራት አሉ፤ እነዚያ ሰባት ትርፍ ወራት ሲጨመሩ 235 ይሆናሉ። በዐቢይ ቀመር ውስጥ 28 ንዑስ ቀመር ስላለ፣ 235 በ28 ሲባዛ 6,580 የጨረቃ ወራት ይገኛሉ። ስለዚህ 194,313 ዕለታት 532 የፀሐይ ዓመታት፣ 6,580 የጨረቃ ወራትና 27,759 ሳምንታት ናቸው፤ ከሦስቱም አንዲት ዕለት አትተርፍም፣ አትጐድልምም።

ይህን ሥርዓት አንድ ሰው ባንድ ቀን አልፈጠረውም። የ19 ዓመቱን ዐውድ ግሪካዊው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት በአቴና አሳወቀ፤ ካሊጶስም ከመቶ ዓመት በኋላ አራት ጊዜ አጥፎ 76 ዓመት አደረገው። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ግን የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ሐሳብ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። የሌሊቱ 23 ሱባዔ 161 ሆኖ በ30 ሲገደፍ 11 አበቅቴ ተረፈ፤ የመዓልቱ 7 ሱባዔ 49 ሆኖ በ30 ሲገደፍ 19 መጥቅዕ ተረፈ፤ ሁለቱም ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስክንድርያዊው መነኵሴ አንያኖስ የ532ቱን ዓመት ዐውድ ሠራበት፤ በምዕራብም የአኲታንያው ቪክቶርዮስ በ457 በዚሁ ዐውድ ተጠቀመ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ሊቅ አቡሻኽር የጻፈው መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተተርጕሞ ለሊቃውንታችን መማሪያ ሆኗል። የጥንት የሥነ ፈለክ ታሪክ መርማሪ የነበረው ኦቶ ኖይገባወርም በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያ ሐሳብ የጥንቱን የእስክንድርያ ሐሳብ ጠብቆ ያቈየ መሆኑን መስክሯል።

፫. የቍጥሩ ባሕርይ

አሁን ቍጥሩን እንደ ሐረግ በየአንጓው እንክፈተው። 194,313 ጎደሎ ቍጥር ስለ ሆነ ለ2 አይካፈልም። አኃዞቹ 1፣ 9፣ 4፣ 3፣ 1፣ 3 ሲደመሩ 21 ይሆናሉ፤ 21 ለ3 ስለሚካፈል ቍጥሩም ለ3 ይካፈላል፤ 21 ለ9 ስለማይካፈል ቍጥሩም ለ9 አይካፈልም። ለ7 ይካፈላል፤ ለ19ም ይካፈላል። በእነዚህ በሦስቱ ተራ በተራ ስናካፍለው መጨረሻ ላይ 487 ይቀራል። 487ን ለ2፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ13፣ ለ17ና ለ19 ብንሞክረው ለአንዱም ሳይተርፍ አይካፈልም፤ ከ19 በኋላ የሚመጣው 23 በራሱ ሲባዛ 529 ሆኖ ከ487 ስለሚበልጥ ከዚያ ወዲያ መሞከር አያስፈልግም። ስለዚህ ቍጥሩ 3 በ7፣ በ19፣ በ487 የተባዛ ነው፤ ከዚህ በቀር ሌላ ሥር የለውም። አካፋዮቹም ከ1 እስከ ራሱ ድረስ ሲቈጠሩ 16 ብቻ ናቸው።

ከሥሮቹ መካከል 7 ሳምንት ነው፤ 19 የጨረቃ ዐውድ ነው። 3ና 487ስ ምንድን ናቸው? ለየብቻቸው በሐሳቡ ውስጥ ምንም ሥራ የላቸውም። ሲባዙ ግን 1,461 ይሆናሉ፤ ይህም የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ አራት ዓመታት ዕለታት ድምር ነው። አንድ ሰው ይህን አይቶ 3 በመገኘቱ ምሥጢረ ሥላሴ በቀመሩ ውስጥ ተጽፏል ሊል ይችል ይሆናል፤ ደግሞም ቍጥሩ በግእዝ ሲጻፍ በ፲፱ መጀመሩን እንደ ምልክት ይወስድ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ እንዳታደርጉ እለምናችኋለሁ። ሃይማኖታችን የቆመችው በነቢያትና በሐዋርያት ትምህርት ላይ እንጂ በማካፈል ላይ አይደለም፤ የአጻጻፍ አጋጣሚም ትንቢት አይሆንም።

ይልቁንስ በቍጥሩ ውስጥ ያለው እውነተኛ ውበት ሌላ ነው። የ4 ዓመት ዕለታት 1,461 ናቸው፤ የ28 ዓመት ሳምንታትም እንዲሁ 1,461 ናቸው። የ76 ዓመት ዕለታት 27,759 ናቸው፤ የ532 ዓመት ሳምንታትም እንዲሁ 27,759 ናቸው። በትንሹ ዐውድ ዕለት ሆኖ የተቈጠረው በትልቁ ዐውድ ሳምንት ሆኖ ይቈጠራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ 28 የ4 ሰባት እጥፍ ነው፣ 532ም የ76 ሰባት እጥፍ ነውና።

ትርፉም የሚያስተምረን ነገር አለው። 27,759ን በ7 ብንገድፈው 4 ይተርፋል። ስለዚህ በየማዕከላዊ ቀመሩ ጨረቃና ወንጌላዊ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ፣ ዕለቱ ግን አራት እርምጃ ወደ ፊት አልፎ ይገኛል። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ፤ ከ76 ዓመት በኋላ በ2094 ሰኞ፣ በ2170 ዓርብ፣ በ2246 ማክሰኞ፣ በ2322 ቅዳሜ፣ በ2398 ረቡዕ፣ በ2474 እሑድ ይውላል፤ በ2550 ግን እንደ ገና ሐሙስ ይሆናል። ሰባቱ ዕለታት አንዱ ሳይቀር፣ አንዱም ሳይደገም ተራቸውን ያገኛሉ። ከዚህ አስቀድሞ ሐሙስ ሊመለስ አይችልም፤ 4ና 7 የጋራ አካፋይ የላቸውምና።

፬. በ2018 ዓመተ ምሕረት ሲፈተን

ቃል ያለ ምሳሌ አይረጋምና፣ 2018ን በጥንቱ መንገድ እናውጣው። 5,500 ዓመተ ኵነኔ ሲጨመርበት 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1,879 ሆኖ 2 ይተርፋል፤ ወንጌላዊው ማርቆስ ነው። ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ሲደመሩ 9,397 ይሆናሉ፤ በ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል፤ አንድ ለማክሰኞ፣ ሁለት ለረቡዕ፣ ሦስት ለሐሙስ ነውና መስከረም 1 ሐሙስ ነው። 7,518 በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ተብሎ ሲተው ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ቀን እሑድ ዋለ። የእሑድ ተውሳክ 7 ከ18 ጋር ሲደመር መባጃ ሐመሩ 25 ሆነ፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 4 ቀን ሆነ።

አሁን ከ2018 ወደ ኋላ 532 ዓመት ብንቈጥር ወደ 1486 ዓመተ ምሕረት እንደርሳለን፤ ይህም የዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ነው። በዚያም ዓመት ወንጌላዊው ማርቆስ፣ መስከረም 1 ሐሙስ፣ አበቅቴው 12፣ ትንሣኤውም ሚያዝያ 4 ነበረ። በ19 ዓመት ወደ ፊት ብንሄድ ግን በ2037 ጨረቃው ያው ሆኖ ወንጌላዊው ማቴዎስ፣ ዕለቱም እሑድ ይሆናል። በ28 ዓመት ወደ 2046 ብንሄድ ማርቆስና ሐሙስ ይመለሳሉ፤ አበቅቴው ግን 22 ይሆናል። ሁሉም በአንድነት የሚመለሱት 194,313 ዕለታት ሲፈጸሙ ብቻ ነው።

፭. ስለ አንዲት አኃዝ የደረሰብኝ

በወጣትነቴ ቅኔ ቤት ቈይቼ ባሕረ ሐሳብን መማር እንደ ጀመርኩ፣ በአንድ የገጠር ደብር በርእሰ ዐውደ ዓመት ቀን የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት እንዳሰማ ታዘዝሁ። በዚያ ዓመት በዓለ መጥቅዕ ቅዳሜ ይውል ነበር። ተውሳክ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2 እየተባለ አንድ አንድ ሲወርድ ስለማውቅ፣ ለቅዳሜ 1 ይሆናል ብዬ በራሴ አእምሮ ወሰንሁ። ጾመ ነነዌ ሰኞ ሆኖ ስላገኘሁት ልክ መስሎኝ ደስ አለኝ። መምህሬ ግን ሌሊት በማሕሌቱ መካከል ወረቀቴን አይተው በአንድ ሳምንት የሚቀድም መሆኑን ነገሩኝ፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 እንጂ 1 አይደለምና።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከበዓለ መጥቅዕ እስከ ጥንቱ የፍሥሕ ቀን 190 ዕለት አለ፤ ትንሣኤም ከዚያ ቀን የሚርቀው ተውሳኩ አንድ ተቀንሶለት በሚቀረው ቍጥር ልክ ነው። በዓለ መጥቅዕ ቅዳሜ ሲውል ፍሥሑ እሑድ ይውላል። ተውሳኩ 1 ቢሆን ትንሣኤያችን በዚያው በፍሥሑ ቀን በዋለ ነበር፤ ይህም የተከለከለ ነው። 8 ሲሆን ግን ወደሚቀጥለው እሑድ ይሻገራል። እንግዲህ በእኔ ስሕተት አንድ ደብር ሙሉ ከሌላው ክርስቲያን ተለይቶ በአንድ ሳምንት ቀድሞ ሊጾምና ቀድሞ ሊፈስክ ነበር። በ194,313 ዕለታት ውስጥ አንዲት አኃዝ ያለ ምክንያት እንዳልተቀመጠች ያን ጊዜ ተማርሁ። ስልክም ቢሆን የሚሠራው ሰው የነገረውን ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ስሕተቱን ማን ያርመዋል?

፮. ቍጥሩ ከሰማይ ጋር ሲመዘን

እውነት ሳንደብቅ እንናገር። የሦስቱ መንኰራኵሮች መግጠም በሐሳቡ ውስጥ ፍጹም ነው፤ ሰማይ ግን ከሐሳባችን በጥቂቱ ይለያል። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከሩብ ተብሎ ይቈጠራል፤ በልክ ሲለካ ግን 365.2422 ዕለት ያህል ነው። ልዩነቱ በአንድ ዓመት ከ11 ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል፤ በ532 ዓመት ግን ከ4 ዕለት በላይ ይሆናል። 194,313ን ለ6,580 ብናካፍል የጨረቃ ወር 29.53085 ዕለት ይሆናል፤ በሰማይ ያለችው ጨረቃ ግን በአማካይ 29.53059 ዕለት ትፈጃለች። ልዩነቱ በአንድ ወር ከ23 ካልዒት አይበልጥም፤ ይኸው ሲጠራቀም ግን በአንድ ዐቢይ ቀመር አንድ ዕለት ከሦስት ሩብ ያህል ይሆናል።

ይህም በዐይን ይታያል። በጥንቱ ሐሳብ መዓልትና ሌሊት የሚተካከሉት መጋቢት 25 ነበረ፤ ዛሬ በሰማይ የሚተካከሉት መጋቢት 11 ገደማ ነው። በ2018 የሐሳቡ ፍሥሕ መጋቢት 28 ሲሆን፣ በሰማይ ጨረቃ የሞላችው መጋቢት 24 ቀን ነው።

ታዲያ ሊቃውንቱ ተሳሳቱን? ሮማውያን በ1582 እ.ኤ.አ. ቀኑን ለማስተካከል አቈጣጠራቸውን ለወጡ፤ ለሰማይም ይበልጥ ቀረቡ። ነገር ግን የእነርሱ ፋሲካ ሙሉ ዐውዱን ጨርሶ ወደ ነበረበት የሚመለሰው በ5,700,000 ዓመት ነው። የእኛ ዐቢይ ቀመር ለሰማይ በጥቂቱ ቢርቅም፣ በአንድ ብራና ላይ ተጽፎ፣ በአንድ ሊቅ አእምሮ ተይዞ፣ በጣት አንጓ ተቈጥሮ ለተማሪ የሚተላለፍ ነው። የፊተኛው ለልክ ይበልጣል፤ የእኛው ለመያዝ ይበልጣል። ሰማይና ሐሳብ መለያየታቸውን ማወቅ ሃይማኖትን አይነካም፤ ሐሳቡ የተሠራው ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲጾሙና በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ነው እንጂ ፀሐይን ለማዘዝ አይደለምና።

፯. ስለ ስምንተኛው ሺህ

አሁን ወደ ጭንቀተኛዪቱ እናት እንመለስ። 7,500 ዓመተ ዓለም የተፈጸመው በ2000 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ስምንተኛውም ሺህ ከ7,001 ጀምሮ እስከ 8,000 ያለው ነው። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው ትናንት አይደለም፤ በ1501 ዓመተ ምሕረት ገብቶ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቈይቷል።

ዐቢይ ቀመርስ? 14 ጊዜ 532 ሲባዛ 7,448 ይሆናል፤ ዐሥራ አራተኛው ዐቢይ ቀመር በ1948 ዓመተ ምሕረት ተፈጽሟል። በዚያ ዓመት ማግስት ፀሐይ ወጣች፣ ገበሬውም እርሻውን አረሰ፣ ካህኑም ቅዳሴውን ቀደሰ። 2018 የዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ነው። ይህም የሚፈጸመው በ7,980፣ ይኸውም በ2480 ዓመተ ምሕረት ነው። ስምንተኛው ሺህ እስኪሞላ ድረስ ገና 20 ዓመት ይቀራል። ቀመሩና ሺሁ በአንድ ዓመት አይፈጸሙም ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ዓመት የሚፈጸሙት መቼ ነው ብለን ብንቈጥር 133,000 ዓመት ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያስፈራራ ሰው ቍጥሩ ራሱ ያላገናኘውን አገናኘ።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው። ቀመር ማለት ክብ ነው፤ ሲሞላ ያበቃል ማለት ሳይሆን ይመለሳል ማለት ነው። 194,313ኛዪቱ ዕለት ስትመሽ የሚነጋው የመጀመሪያዪቱ ዕለት ነው። የፍጻሜ ነገር ግን ከክብ ውስጥ አይወጣም፤ ጌታችን ያችን ቀንና ሰዓት ከሰው ሐሳብ ሰውሮ በአብ ሥልጣን እንዳኖራት በወንጌሉ አስተምሮናልና። ባሕረ ሐሳብ የምንጾምበትን ቀን ይነግረናል እንጂ የምንሞትበትን ቀን አይነግረንም፤ የምንጾመውም ያችን ያልተነገረችውን ቀን ተዘጋጅተን እንድንጠብቃት ነው።

ለዚያ ወጣት ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ልነግረው አልቻልሁም። በወረቀት ላይ 4፣ 7፣ 19 ብዬ ጻፍሁለትና «ልጄ፣ እነዚህን አባዛና ለእናትህ አሳያት፤ ዓለምን የሚያሳልፍ ቍጥር ሳይሆን በዓልን የሚያደርስ ቍጥር መሆኑን ንገራት» አልሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ እናቱም አብራው መጣች። አባዝቶ ብቻ አልቀረም፤ ከ2018 እስከ 2550 ያለውን ትንሣኤ ሁሉ በኮምፒዩተሩ አውጥቶ አመጣልኝ። እኔም በዚያ መካከል በዓለ መጥቅዕ ቅዳሜ የሚውልበትን አንድ ዓመት ፈልጌ ተውሳኩን ጠየቅሁት፤ 8 አለኝ። ስለ ምን ብዬ ብጠይቀው ግን ዝም አለ። ያን ጊዜ ምክንያቱን ነገርሁት፤ እናቱም በጸጥታ ስትሰማ ቈይታ፣ እርስዋም በጣቷ መቍጠርን እንዳስተምራት ጠየቀችኝ።

እንግዲህ የደብር አገልጋዮች ሆይ፣ በርእሰ ዐውደ ዓመት የምናሰማውን ሐሳብ በቃል ብቻ አናውርደው፤ ከማታው ጉባኤ አንዲት ሰዓት ወስደን ምክንያቱንም ለወጣቶችና ለእናቶች እናስረዳ። ስልኩ መልሱን ይስጥ፤ ምክንያቱን ግን ከእኛ ይስሙ። ፍርሃት የሚገባው ምክንያት በሌለበት ቤት ነውና።